የዘውድ ቃል፦ የብሪታንያ ነገሥታት በዓለም አቀፍ ግጭቶች ላይ የመናገርና የመታቀብ ልማድ ታሪክ

የብሪታንያ ንጉሥ ወይም ንግሥት ስለ ሌላ አገር ጦርነት በአደባባይ አስተያየት እንዳይሰጡ የሚከለክል የተጻፈ ሕግ የለም። አገሪቱ በአንድ ሰነድ የተጠቃለለ ሕገ መንግሥት ስለሌላት፣ ዘውዱ ምን ሊናገር፣ ምን ሊተው እንደሚገባው የሚወስነው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የተጠራቀመ ልማድ ነው። በልማዱ መሠረት ንጉሡ በአደባባይ የሚናገሩት ሚኒስትሮቻቸው የሚመክሯቸውን ነው፤ የራሳቸውን ሐሳብ የሚገልጹት ለጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ በዝግ በር ነው። ይህ ዝምታ ከነገሥታቱ ጠባይ የመነጨ አይደለም። ብዙዎቹ በውጭ ጉዳይ ጽኑ አቋም ነበራቸው፤ አንዳንዶቹም ተናግረው ዘውዱን ችግር ላይ ጥለውታል። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1688ቱ አብዮት በፊት ጦርነት ማወጅም ሆነ እርቅ ማውረድ የንጉሡ የራሱ ሥልጣን ነበር። በ1689 የወጣው የመብቶች ሕግ ንጉሡ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር እንዳይጥል፣ በሰላም ጊዜም ቋሚ ጦር እንዳያቆም ሲከለክል የውጭ ግንኙነትን ግን በእጁ ተወለት። የዚህ ጣጣ ወዲያው ታየ። አዲሱ ንጉሥ ዊልያም ሦስተኛ የኔዘርላንድ ሰው ስለነበሩ፣ ከፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ጋር የነበራቸውን የቆየ ጠብ ይዘው መጡና እንግሊዝን ጦርነት ውስጥ አስገቧት። ስለዚህ በ1701 የወጣው የዘውድ ወራሽነት ሕግ አንድ አንቀጽ ጨመረ፤ ዘውዱ በእንግሊዝ ላልተወለደ ሰው ቢተላለፍ፣ የእንግሊዝ ዘውድ ይዞታ ያልሆነን ግዛት ለመከላከል ሕዝቡ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ጦርነት የመግባት ግዴታ የለበትም። ከ1714 ጀምሮ የሃኖቨር መሳፍንት በለንደን ሲነግሡ፣ የብሪታንያ ገንዘብና ወታደር ለንጉሡ የጀርመን ርስት መጠበቂያ ሆነ የሚል ቅሬታ ለአሥርት ዓመታት ተሰማ። ጆርጅ ሁለተኛ በ1743 በዴቲንገን ጦር ሜዳ ሠራዊታቸውን ራሳቸው መሩ፤ ከሳቸው ወዲህ እንዲህ ያደረገ የብሪታንያ ንጉሥ የለም። የንጉሡ ልብ ያደላበት ወገንና የአገሪቱ ጥቅም ላይገናኙ ይችላሉ የሚለው ጥርጣሬ የተተከለው በዚህ ዘመን ነው።

ንግሥት ቪክቶሪያ (1837–1901) ጥርጣሬውን ሲያጠናክሩት ኖሩ። ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ቤቶች ስለዳሩ፣ በአህጉሩ የሚነሣ ጠብ ሁሉ የቤተ ዘመድ ጠብ ሆኖ ይደርሳቸው ነበር። በ1850 ባወጡት ማስታወሻ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ፓልመርስተን ሊያደርጉ ያሰቡትን አስቀድመው በግልጽ እንዲያሳውቋቸው፣ እሳቸው ከፈቀዱ በኋላም እንዳይለውጡት ጠየቁ። ፓልመርስተን በ1851 መጨረሻ የሉዊ ናፖሊዮንን መፈንቅለ መንግሥት ማንንም ሳያማክሩ ስለደገፉ ከሥልጣን ተነሡ። በ1864 ፕሩሺያና ኦስትሪያ ዴንማርክን ሲወጉ ንግሥቲቱ ለጀርመኖቹ ማድላታቸው በፓርላማ ውስጥ ወቀሳ አስነሣ፤ የልጃቸው የአልጋ ወራሹ ሚስት ደግሞ የዴንማርክ ልዕልት ነበሩ። ሩሲያና ቱርክ በተዋጉበት ጊዜ (1877–78) መንግሥታቸው በሩሲያ ላይ ካልጠነከረ ዘውዱን እንደሚለቁ ዛቱ። በ1885 ካርቱም ወድቃ ጄኔራል ጎርደን ሲገደሉ፣ ለጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን የላኩት የቁጣ ቴሌግራም በምስጢር ጽሕፈት ሳይሆን በግልጽ ቋንቋ ስለነበር በመንገድ ያሉ የቴሌግራፍ ሠራተኞች ሁሉ አነበቡት።

የቤተ መንግሥቱ ጣልቃ ገብነት ሁልጊዜ ጎጂ ነበር ማለት ግን ፍትሕ አይደለም። በ1861 የአሜሪካ የጦር መርከብ በእርስ በርስ ጦርነቱ የተገነጠሉትን የደቡብ ግዛቶች ሁለት መልእክተኞች ትሬንት ከተባለው የብሪታንያ መርከብ ላይ በያዘ ጊዜ፣ የለንደን መንግሥት ያረቀቀው መልስ ጦርነት የሚጭር ነበር። የንግሥቲቱ ባል ልዑል አልበርት በሞት አፋፍ ላይ ሆነው ረቂቁን አለዘቡት፤ ዋሽንግተን ሳትዋረድ የምትመለስበት መውጫ ቀዳዳ አበጁለት። መልእክተኞቹ ተለቀቁ፤ ጦርነቱም ቀረ። ልዩነቱ የአልበርት ምክር ለሚኒስትሮች የተሰጠ፣ ከወረቀት ያልወጣ መሆኑ ነው።

በዘውዱ ስምና በመንግሥቱ ሥልጣን መካከል የነበረውን ክፍተት አንድ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብዙ ዋጋ ከፍለውበታል። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ፣ ንጉሥ ለንጉሥ በሚጻጻፍበት ወግ፣ ደብዳቤ ጻፉ። የአባቶቻቸውን አገር ስለያዙት ቱርኮች አነሡ፤ መልእክተኞቻቸው ባሕሩን ተሻግረው የሚደርሱበትን መንገድ ጠየቁ። ደብዳቤው የክርስቲያን ንግሥት በእስላሞቹ ቱርኮች ላይ ከክርስቲያን ንጉሥ ጎን እንድትቆም የሚጋብዝ ነበር። ብሪታንያ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት በክራይሚያ ጦርነት ከኦቶማን ቱርክ ጎን ተሰልፋ ሩሲያን ወግታለች። ደብዳቤው በ1863 ለንደን ሲደርስ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ከመዝገብ ቤት አስቀመጠው፤ መልስም አልሰጠበትም። ቴዎድሮስ ያዩት የአንድ መሥሪያ ቤት ቸልታ ሳይሆን የአንዲት ንግሥት ንቀት ነበር። የብሪታንያን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ። የንግሥቲቱ ፊርማ ያለበት መልስ በመልእክተኛው በሆርሙዝድ ራሳም እጅ ከንጉሠ ነገሥቱ የደረሰው በ1866 መጀመሪያ ነው፤ ያኔ ነገሩ ከደብዳቤ አልፎ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በብሪታንያ ጦር እጅ ወደቀች፤ ቴዎድሮስም እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ገደሉ። ለዚህ ሁሉ መነሻው የደብዳቤው ጉዳይ ብቻ ባይሆንም፣ ሕገ መንግሥታዊው ዝምታ ከውጭ ሲታይ ዝምታ ሳይሆን ስድብ ሊመስል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ መራራ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በመቅደላ ውድቀት ዋዜማ፣ በ1867፣ ጋዜጠኛው ዋልተር ባጅሆት ስለ እንግሊዝ ሕገ መንግሥት ባሳተመው መጽሐፍ የንጉሡን ድርሻ በሦስት መብቶች አጠቃለለው፤ ሊማከሩ፣ ሊያበረታቱና ሊያስጠነቅቁ ይችላሉ። መጽሐፉ ሕግ አልነበረም፤ ቪክቶሪያ ራሳቸው የኖሩትንም ሥርዓት አይገልጽም። ሆኖም ከሳቸው በኋላ የነገሡት ያደጉበት ትምህርት ሆነ፤ ጆርጅ አምስተኛ ገና ልዑል ሳሉ አጥንተውታል።

ትምህርቱን ያጸናው ግን ከብሪታንያ መጽሐፍ ይልቅ የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ምላስ ነው። የቪክቶሪያ የልጅ ልጅ ዊልሄልም ሁለተኛ በጥር 1896፣ ብሪታንያዊው ጄምሰን የመሯቸው ወራሪዎች በደቡብ አፍሪካዋ ትራንስቫል እጃቸውን በሰጡ ማግስት፣ ለቦየሮቹ ፕሬዚዳንት ፖል ክሩገር የደስታ ቴሌግራም ላኩ። ጥቂት መስመሮች በሁለቱ አገሮች መካከል ለዓመታት የማይሽር ቂም ተከሉ። በጥቅምት 1908 ደግሞ ዴይሊ ቴሌግራፍ በተባለው የለንደን ጋዜጣ የወጣው ቃላቸው የባሰ ሆነ። ለእንግሊዞች ወዳጅነታቸውን ለማስረዳት ፈልገው፣ አብዛኛው የጀርመን ሕዝብ ወዳጅ አለመሆኑን መሰከሩ፤ በቦየር ጦርነት ጊዜ ሩሲያና ፈረንሳይ ያቀረቡላቸውን ምስጢራዊ ሐሳብም አደባባይ አወጡት። በአንድ ጊዜ ብሪታንያን፣ ፈረንሳይን፣ ሩሲያንና የገዛ ፓርላማቸውን አስቆጡ። ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ወደ መራሔ መንግሥቱ ቢሎቭ ተልኮ ነበር፤ እሳቸው ግን በቅጡ ሳያነቡት አሳለፉት። በተከታዩ ዓመት ቢሎቭ ከሥልጣን ወረዱ፤ ዊልሄልም ቆዩ። ንጉሥ ሲሳሳት የሚሰናበት ሰው አለመኖሩ፣ ወይም የሚሰናበተው ሌላ ሰው መሆኑ፣ የነገሩ ሁሉ እምብርት ነው።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘውዱን ከአህጉሩ ዘመዶቹ ቆረጠው። ዊልሄልምና የሩሲያው ኒኮላስ ሁለተኛ በ1914 በሐምሌ መጨረሻ የተለዋወጡት የዘመዳሞች ቴሌግራም አንድም ሻለቃ ጦር አላቆመም። ጆርጅ አምስተኛ በሐምሌ 1917 የቤተሰባቸውን የጀርመን ስም ትተው ዊንዘር ተባሉ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ መንግሥት ለኒኮላስና ለቤተሰቡ የሰጠውን የመጠጊያ ፈቃድ ንጉሡ በግል ጸሐፊያቸው በሎርድ ስታምፎርድሃም በኩል ተቃውመው አስቀለበሱት። የራሳቸውን አልጋ ከሕዝብ ቁጣ ለማዳን የአክስታቸውን ልጅ ተዉ፤ እሱም በሐምሌ 1918 ከነቤተሰቡ ተረሸነ። ለብዙ ዓመታት ሰው የሚያማው ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሎይድ ጆርጅን ነበር። በዝግ በር የተሰጠ ምክር የሰውን ሕይወት ሊያድን እንደሚችል ትሬንት ያሳያል፤ ተጠያቂ ሳይኖረው ሊያሳጣ እንደሚችልም ይህ ያሳያል።

በ1931 የዌስትሚንስተር ሕግ ሲወጣ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ደቡብ አፍሪካና ሌሎቹ ዶሚኒየኖች (በዘውዱ ሥር ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ አገሮች) በሕግ ከለንደን ጋር እኩል ሆኑ፤ አንድ ንጉሥ የብዙ መንግሥታት ንጉሥ ሆነ። ብሪታንያ በመስከረም 3 ቀን 1939 በጀርመን ላይ ጦርነት ስታውጅ ካናዳ የራሷን አዋጅ ያወጣችው በመስከረም 10 ነው። ጆርጅ ስድስተኛ ለአንድ ሳምንት በለንደን ተዋጊ፣ በኦታዋ ሰላማዊ ንጉሥ ነበሩ። ከዚያ የበለጠው በ1947 መጣ። ነፃ የወጡት ህንድና ፓኪስታን ሁለቱም ገና ዶሚኒየን ነበሩና በካሽሚር ሲዋጉ ሁለቱም ወገን የሚዋጋው በአንድ ንጉሥ ስም ነበር። ለአንዱ የሚናገር ቃል ሌላውን የሚከዳ በሆነበት ቦታ፣ ዝምታ ጨዋነት መሆኑ ቀርቶ አማራጭ የሌለው ግዴታ ሆነ።

ያለ ቃልም ወገን የሚያዝበት ጊዜ አለ፤ የዚህም ምስክር የኢትዮጵያ ጉዳይ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አገራቸው በፋሽስት ኢጣሊያ ተወርራ በሰኔ 1936 ለንደን ሲደርሱ፣ ንጉሥ ኤድዋርድ ስምንተኛ በቤተ መንግሥታቸው ሊቀበሏቸው አልፈለጉም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አንቶኒ ኢደን እንዲቀበሏቸው ቢመክሩም፣ ኢጣሊያን ላለማስቀየም ሲሉ ወንድማቸውን የግሎስተርን መስፍን ላኩ። መስፍኑ ከስድስት ዓመት በፊት ብሪታንያን ወክለው በአዲስ አበባ በኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ላይ የተገኙት ናቸው። በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው አቤቱታቸውን አሰሙ። የሁለቱ ቦታ ግን አንድ አይደለም። ኃይለ ሥላሴ የሚገዙ ንጉሠ ነገሥት፣ ለተወረረችው አገርም ኃላፊ ነበሩ፤ ቢናገሩ የሚናገሩት የመንግሥታቸውን ቃል ነው። ኤድዋርድ የሚነግሡ እንጂ የሚገዙ አልነበሩም። የተነቀፉበትም ዝም በማለታቸው አይደለም፤ የሚኒስትራቸውን ምክር ትተው፣ በእንግዳ አቀባበል ስም የራሳቸውን የውጭ ፖሊሲ በማራመዳቸው ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወንድማቸው ጆርጅ ስድስተኛ በተቃራኒው በኩል ተሳሳቱ። መስከረም 30 ቀን 1938 ጠቅላይ ሚኒስትር ኔቪል ቼምበርለን ከሂትለር ጋር ተስማምተው ከሙኒክ ሲመለሱ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ ቤተ መንግሥት መጡ፤ ከንጉሡና ከንግሥቲቱ ጋርም በሰገነቱ ላይ ለሕዝብ ታዩ። ፓርላማው ስምምነቱን ገና አልተከራከረበትም፤ የሌበር ፓርቲም ተቃወመው። ንጉሡ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ አገሪቱን በከፈለ ጉዳይ ላይ ዘውዱን በአንድ ወገን አቆሙ። የሕገ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን በዘመኑ ከታዩት የዘውድ ስሕተቶች መካከል ሲቆጥሩት የኖሩት በትክክል ነው።

ብዙም ሳይቆይ በተነሣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአህጉሩ ነገሥታት ዕጣ ተለያየ። የኖርዌዩ ሆኮን ሰባተኛ በሚያዝያ 1940 ጀርመኖች የናዚ ደጋፊውን ኲዝሊንግን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው እንዲሾሙ ሲያስገድዷቸው፣ ጉዳዩን ለሚኒስትሮቻቸው አቀረቡ፤ መንግሥት ቢቀበለው እሳቸው ዘውዱን እንደሚለቁ ነገሯቸው። ሚኒስትሮቹ አብረዋቸው ቆሙ። የኔዘርላንዷ ዊልሄልሚና ለንደን ተሰድደው በሬዲዮ ሕዝባቸውን አበረቱ። የቤልጂየሙ ሊኦፖልድ ሦስተኛ ግን የሚኒስትሮቻቸውን ምክር ትተው ከጦራቸው ጋር እጃቸውን ሰጡ፤ ኋላም ሄደው ሂትለርን አነጋገሩ። በ1950 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 58 በመቶ ያህሉ ይመለሱ ቢልም፣ ዋሎኒያ በተቃውሞ ስለታመሰችና ሰዎች ስለሞቱ በ1951 ዘውዱን ለልጃቸው ለቀቁ። ሆኮንም ሊኦፖልድም ጽኑ የግል አቋም ነበራቸው፤ አንዱ ከሚኒስትሮቹ ጋር ቆመ፣ ሌላው ብቻውን ቀረ።

ኤልሳቤጥ ሁለተኛ (1952–2022) ልማዱን ወደ ፍጹምነት አደረሱት። በ1956 ብሪታንያ ሱዌዝን በወረረች ጊዜ ምን እንዳሰቡ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ እሳቸው አንድም ቃል አልተነፈሱም። ልማዱ ከባድ ፈተና የገጠመው በደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ነው። በሐምሌ 1986 ሰንዴይ ታይምስ ንግሥቲቱ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር በአፓርታይድ መንግሥት ላይ ማዕቀብ አልጥልም ማለታቸው የጋራ ብልጽግናውን ማኅበር ይበትናል ብለው መስጋታቸውን አወጣ። የዜናው ምንጭ የቤተ መንግሥቱ የፕሬስ ጸሐፊ ማይክል ሼይ መሆናቸው ታወቀ። የግል ጸሐፊው ዊልያም ሄዝልታይን ለጋዜጣ በጻፉት ደብዳቤ ሥርዓቱን አስቀመጡት፤ ንግሥቲቱ የራሳቸው ሐሳብ ሊኖራቸውና ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊነግሩ መብት አላቸው፤ ሐሳባቸው ምንም ይሁን በሚኒስትሮች ምክር ይሠራሉ፤ በሁለቱ መካከል የተባለውም ምስጢር ነው። ዛሬ ልማዱን ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠቀሰው ይህ ደብዳቤ ነው።

ንግሥቲቱ በቃል የማይሉትን በጉብኝት ያደርጉት ነበር፤ ግን በመንግሥት ውሳኔ። በ1957 ዓ.ም. ኢትዮጵያን፣ በ2011 አየርላንድን ጎበኙ። በሰኔ 2012 በቤልፋስት ከአየርላንዱ ታጣቂ ድርጅት ከአይ አር ኤ የቀድሞ መሪ ከማርቲን ማክጊነስ ጋር እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፤ ድርጅቱ በ1979 የባላቸውን አጎት ሎርድ ማውንትባተንን ገድሏል። ማንም ሚኒስትር በንግግር ሊያደርገው የማይችለውን አንድ ሰላምታ አደረገው። በ1978 ግን የጊዜው መንግሥት የሮማኒያውን አምባገነን ቻውሼስኩን በክብር እንዲቀበሉ አድርጓቸዋል፤ የዘውዱ ሞገስ በመንግሥት እጅ ያለ መሣሪያ ከሆነ ለጥሩም ለመጥፎም ያገለግላል።

ልጃቸው ቻርልስ በአልጋ ወራሽነታቸው ዘመን ይናገሩ ነበር። በግንቦት 2014 በካናዳዋ ሃሊፋክስ ከናዚ ካመለጡ አንዲት ሴት ጋር ሲጨዋወቱ ፑቲንን ከሂትለር ጋር ማወዳደራቸው ወጣ፤ ሞስኮም በይፋ ተቆጣች። በመስከረም 2022 ከነገሡ በኋላ ስለ ዩክሬን የሚናገሩት የመንግሥታቸው አቋም የሆነውን ነው። በየካቲት 27 ቀን 2025 ጠቅላይ ሚኒስትር ስታርመር የንጉሡን የግብዣ ደብዳቤ በዋይት ሀውስ ለትራምፕ ሰጡ፤ በማግስቱ ትራምፕና ዘለንስኪ በዚያው ቤት በካሜራ ፊት ተጋጩ፤ መጋቢት 2 ቀን ንጉሡ ዘለንስኪን በሳንድሪንግሃም ተቀበሏቸው። በአራት ቀን ውስጥ ያው ዘውድ አንዱን ጋበዘ፣ ሌላውን ተቀበለ፤ በሁለቱም ጊዜ መንገዱን የመረጠው መንግሥት ነው።

አልጋ ወራሹ ዊልያም በየካቲት 20 ቀን 2024 በጋዛ የሞተው ሕዝብ እጅግ መብዛቱን፣ ውጊያውም በተቻለ ፍጥነት እንዲቆም መመኘታቸውን በጽሑፍ አወጡ። መንግሥት አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ሆኖም የታችኛው ምክር ቤት ስለ ተኩስ አቁም ሊከራከር የአንድ ቀን ዕድሜ ሲቀረው በመውጣቱ፣ ገሚሱ አመሰገናቸው፣ ገሚሱ ከፖለቲካ ገቡ አለ። በቤልጂየም ንጉሥ ፊሊፕ በሐምሌ 2025 ለብሔራዊ ቀን ባደረጉት ንግግር፣ በስፔን ፊሊፔ ስድስተኛ በመስከረም 2025 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ፣ ስለ ጋዛ ከዚህ የጠነከረ ቃል ተናገሩ። በሁለቱም አገሮች የንጉሥ ንግግር ኃላፊነቱ የመንግሥት ነው። በዮርዳኖስ ደግሞ ንጉሥ አብዱላህ የውጭ ፖሊሲውን ራሳቸው ይመራሉ፤ ንግሥት ራንያም በጥቅምት 2023 የምዕራባውያንን አድልዎ በቴሌቪዥን ሲከሱ ከአገራቸው አቋም የራቀ ነገር አላሉም።

እንግዲህ የሚነግሥ እንጂ የማይገዛ ንጉሥ በሌሎች ጦርነት ላይ የግል ፍርዱን በአደባባይ መስጠት የለበትም። በምርጫ ሊሻር፣ በፓርላማ ሊጠየቅ አይችልም፤ ስሕተቱንም የሚሸከመው አገሩ ነው። ስለ ሞቱት፣ ስለ ተራቡትና ስለ ተሰደዱት ግን በመንግሥቱ ዕውቀት መናገር ይችላል፤ ይገባዋልም። ጥፋተኛውን መለየትና ድንበሩን ማስመር የሚጠየቁት ሰዎች ሥራ ነው። በዝግ በር የተባለው ሁሉ ግን ለዘላለም ተዘግቶ መቅረት የለበትም። በብሪታንያ በ2010 የወጣ ሕግ ንጉሡና ሁለቱ ወራሾቻቸው ከመንግሥት ጋር የሚጻጻፉትን ከመረጃ ነፃነት ሕጉ ፈጽሞ ውጪ አድርጎታል። የ1917ቱን ውሳኔ እውነት ያወጣው የቤተ መንግሥትና የመንግሥት ሰነድ ነው፤ የዛሬውም በጊዜው ሊከፈት ይገባል።